እስከ ድልድዩ ልሸኛቸው ብዬ

በቼሪ ክሪክ ሐይቅ ዳር ባለው የመኪና ማቆሚያ አራት ሰዎች ነበርን። አማቼ ብስክሌቱን ገልብጦ በመሪውና በመቀመጫው አቁሞ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ተንበርክኳል። ልጄ የመኪናዬን የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ትራንኩን፣ ከፍታ ግማሽ አካሏን አስገብታ ዕቃ ታገላብጣለች። የልጅ ልጄ ከሁላችንም ራቅ ብላ፣ የብስክሌቱ መንገድ ከሚጀምርበት ከእንጨት አጥሩ ጎን፣ ሄልሜቷን አጥልቃ፣ ብስክሌቷን በሁለት እግሯ መሐል ይዛ ቆማለች። እኔ በሾፌሩ በር በኩል ነበርኩ።

በልጅቱ ብስክሌት የኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ሁለት አዳዲስ ቦርሳዎች ተንጠልጥለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት አባቷ የገዛላት ናቸው። ባዶ ስለሆኑ ነፋስ ሲነካቸው ይርገበገባሉ። ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቶቹ፣ ምድጃው፣ ውሃውና ስንቁ በሙሉ እንደ ሌላው ጊዜ እኔ መኪና ውስጥ ነው። የዚያ ቀን ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ዕቃው ከመኪናዬ ወርዶ ብስክሌቶቹ ላይ ይጫናል ወይስ አይጫንም። ልጅቱ የራሷን ዕቃ ራሷ ካልተሸከመች፣ መኪናም ከኋላ ከተከተላት፣ አልሄድም ብላለች። ይህን ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም። የሰማሁት በዋዜማው እነሱ ቤት፣ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲነፉ ሲነጋገሩ ነው።

«እማማ ከመጣች እኮ ትሪፑ ሪል አይደለም» አለች ልጅቱ። እማማ የምትለው እኔን ነው። «ሁሉም ነገር ካር ውስጥ ነው። እኛ ዝም ብለን ፓርክ ውስጥ እንደሚዞሩ ሰዎች ነን።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አለች ልጄ።

«ትስማ! ንገሪያት።»

«አባትሽ ይንገራት።»

«እኔ አማች ነኝ» አለ አማቼ። «አማቱን ከመንገድ መለሰ የሚል ስም ከወጣልኝ በየትኛው በር ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?»

«አንተ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀልድ ነው።»

«ምን ቀልድ አለው? ልጇ አንቺ ነሽ።»

«በዓመት አንዴ ደስ የሚላት ነገር ይኼ ነው። እንዴት አድርጌ ነው የምነጥቃት?»

«እሺ፣ እኔ እቀራለሁ» አለች ልጅቱ። «ኔክስት ይርም እቀራለሁ።»

ጆሮዬ ደህና ነው፤ የደከመብኝ ጉልበቴ ነው። በሩን ገፍቼ ስገባ ሦስቱም ዓይናቸውን ፓምፑ ላይ ተከሉ።

ልጅቱ ብዙ የማታወራ፣ ያለችውን ግን የምታደርግ ናት። ስድስት ዓመቷ ላይ ሥጋ አልበላም ብላ ዓመት ሙሉ አልበላችም። እቀራለሁ ካለች ትቀራለች። እሷ ከቀረች ደግሞ ሳምንቱ በሙሉ ይቀራል። ልጄ ሆስፒታል ውስጥ በሺፍት ነው የምትሠራው፤ አማቼ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ሦስቱ አብረው ሳያቋርጡ የሚውሉት በዓመት ያችን ሳምንት ብቻ ነው።

ነገሩን የጀመረው አማቼ ነው። ልጅቱ ገና በቅጡ መናገር ሳትጀምር ያገለገለ የልጅ ጋሪ ገዝቶ መጣ፤ ከብስክሌት ኋላ የሚጎተት፣ መስኮቱ ፕላስቲክ የሆነ ጋሪ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ፣ ሐምሌ ሲጋመስ ልጅቱን ጋሪው ውስጥ አስቀምጦ ከኦሮራ ተነስተን ዴንቨርን እንዞራለን አለ። መንገዱን በካርታ አሳየን። ከሐይቁ ተነስቶ በሴንቴኒያል በኩል ካናሉን፣ የውሃ ቦዩን፣ ተከትሎ ቻትፊልድ ይደርሳል፤ እዚያ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ከዚያ የፕላት ወንዝን ይዘው በእንግልውድ በኩል መሐል ዴንቨር ይገባሉ፤ በቼሪ ክሪክ ጅረት ዳር ደግሞ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰሙ ጓደኞቹ ሳቁበት። «ስምንት ሰው የሚይዝ ቫን እያለህ ሕፃን በጋሪ ትጎትታለህ?» አሉት። እሱ ግን «ዓመቱን ሙሉ መሪ ይዤ ተቀምጬ ነው የምውለው። በዕረፍቴ እንኳ እግሬ ይሥራ» ብሎ ተነሣ።

እኔ ያኔ እንግልውድ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ፈቃድ ላይ ነበርኩና ልሸኛቸው ብዬ ተከተልኳቸው። ሕፃን ይዘው ለቀናት መንገድ የሚወጡትን ሰዎች በራቸው ላይ ቻው ብዬ መቅረት አልሆነልኝም። እስከ መጀመሪያው ድልድይ ብዬ ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ልጅቱ ውሃ ጠምቷት ስታለቅስ አገኘኋት፤ ውሃ ነበረኝ። «በጣም ጥሩ ሆነ፣ ቀጥለን እዚያ መናፈሻው ጋ ነው የምናርፈው» አለ አማቼ። እኔም መናፈሻው ጋ ሄድኩ። ከመናፈሻው ቻትፊልድ ደረስኩ። በዚያው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሳይጠይቀኝ ዕቃው በቀጥታ እኔ መኪና ውስጥ ተጫነ።

መሬት ላይ መተኛት ስለማልችል ማታ ቤቴ እገባለሁ፤ ጠዋት ያረፉበት ድረስ እመለሳለሁ። ቀን ቀን ከአንዱ ማቆሚያ ወደ ሌላው ቀድሜ እየሄድኩ እጠብቃቸዋለሁ። የሚታጠፍ ወንበር ነበረኝ። ቅቤው በዛ ያለበት ጭኮ በቆርቆሮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቆረጠ ሐብሐብ እይዛለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጭኮው ይቀርና በሶ በውሃ ይበጠበጣል። በዚያ መስመር ላይ የትኛው መጸዳጃ ቤት እንደሚቆለፍ፣ የትኛው ዛፍ እስከ ስንት ሰዓት ጥላ እንዳለው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አንድ የፓርክ ሠራተኛ መስኮቴን አንኳኩቶ የጠፋሁ መስሎት ልጆቼ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። «በብስክሌት እየመጡ ነው» አልኩት። ሲደርሱ እስኪያይ ድረስ አጠገቤ ቆመ።

ልጅቱ ከጋሪው ወጥታ ግማሽ ብስክሌት ላይ ተቀመጠች። ግማሽ ብስክሌት የምለው አንድ ጎማ ብቻ ያለው፣ ከአባት ብስክሌት ጋር የሚያያዝ ነው። ፔዳል ነበረው፤ ሲያሰኛት ትረግጣለች፣ ካላሰኛት እግሯን አንስታ ትዘፍናለች። አማቼ ዳገት ላይ ላብ በላብ ሆኖ «እየረገጥሽ ነው?» ይላታል፤ «የስ!» ትላለች፤ ከኋላ የምትመጣው እናቷ በሳቅ ትፈርሳለች። ከዚያ ትንሽ ብስክሌት መጣ፤ ቀጥሎ ማርሽ ያለው። አንድ ዓመት ከሰዓት በኋላ በረዶ መጣባቸው። ያን ጊዜ ሦስቱንም ከነእርጥበታቸው መኪና ውስጥ አስገባኋቸው፤ ብስክሌቶቹ ሣሩ ላይ ወድቀው ቀሩ። የመኪናዬ ጣሪያ እስከ ዛሬ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነው። ልጅቱ ጣሪያው ሲደበደብ አልፈራችም። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ነበር የምትጠይቀው።

ከዚያ ጠዋት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ እኔ ካለሁበት ማቆሚያ ስትደርስ አልቆመችም። እጇን አውለብልባ አለፈች። እናትና አባቷ ጠርተው መለሷት። ሐብሐቡን ብስክሌቷ ላይ እንዳለች ቆማ በላች።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። አማቼ ጎማውን ጨርሶ ተነሣ። ልጄ ከትራንኩ ወጣችና በባዶ እጇ ወደ ልጇ ሄደች። የተናገሩትን ሁሉ አልሰማሁም፤ «ካናሉ ጋ ስንደርስ እነግራታለሁ» ያለችውን ግን ሰምቻለሁ።

«ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ።»

ትራንኩ ተዘጋ። እነሱ በአጥሩ በኩል ሄዱ፤ እኔ በመኪና መንገድ ዞሬ ሴንቴኒያል ውስጥ ካናሉ አጠገብ ወዳለው ማቆሚያ ሄድኩ። ካናሉ በዚያ ወቅት ደረቅ ነው። ዳርና ዳሩን ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ መንገዱ ጥላ ነው። ወንበሬን ዘርግቼ ሐብሐቡን ቆረጥኩ።

አማቼ መጀመሪያ ደረሰ፤ ልጄ ተከተለች። ልጅቱ ዘገየች። በኋላ ብስክሌቷን እየገፋች ብቅ አለች። የፊት ጎማዋ ተኝቷል። ያ አካባቢ ኩርንችት አለበት፤ አገር ቤት የማውቀው ዓይነት፣ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ የሚቆም። ብዙ ጎማ በልቶብናል።

«አምጪው፣ በአንድ ደቂቃ ነው የምጨርሰው» አለ አባቷ።

«ኖ። እኔ ነኝ የማደርገው።»

«እጅሽን ትቆርጪዋለሽ...»

ልጄ ክንዱን ያዘችው። ሁለቱም ከእኔ ጎን መጥተው ቆሙ። ልጅቱ ብስክሌቱን እንደ አባቷ ገለበጠች፤ ጎማውን አወጣች፤ ካለመዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ስባ አወጣችና ከንፈሯ አጠገብ እያዞረች የሚወጣውን አየር ፈለገች። ቀዳዳውን አገኘችና ለጠፈች። ነፍታ ስትጨርስ ተነፈሰ። አማቼ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ተመለሰ። ልጅቱ ወደ እኛ ሳትዞር እንደገና ፈታችው። በዚህ ጊዜ ጎማውን ከውስጥ በኩል በጣቷ ዳበሰችና እዚያው ተሰክቶ የቀረውን እሾህ ነቅላ መሬት ላይ ሳይሆን ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ሌላ ሰው እንዳይወጋ ይመስለኛል። ሐብሐቡን የነካው ሰው የለም። ንብ መጥቶበት ነበር።

ጎማው አየር ይዞ ቆመ። ልጅቱ መጣችና ከወንበሬ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እጇ እስከ አንጓዋ ጥቁር ነው። እናቷን አየቻት። እናቷ ወደ ዛፎቹ አየች። አማቼ ስልኩን አወጣ።

«እማማ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«ለምንድነው ኤቭሪ ይር የምትመጪው?»

«ልሸኛችሁ ነዋ።»

«መሸኘት ምንድነው?»

«ሰው መንገድ ሲሄድ ብቻውን አይለቀቅም። ትንሽ አብረሽው ትሄጂና ትመለሻለሽ።»

«ትንሽ?»

«አዎ፣ ትንሽ።»

«አንቺ ግን ኦል ዘ ዌይ ነው የምትመጪው።»

«መንገደኛው ‹ይበቃል፣ ተመለሺ› ሲል ነዋ የሚመለሱት። እሱ ሳይል ጥሎት መመለስ ነውር ነው።»

«ማንም አላለሽም?»

«ማንም አላለኝም።»

«ኔቨር?»

«አላሉኝም።»

«ሶ፣ እስኪሉሽ ዌይት እያደረግሽ ነበር? እኔ ቤቢ ከሆንኩ ጀምሮ?»

«ሐብሐብ ብዪ» አልኳት።

ብድግ አለች። «ማም! ዳድ! እማማ እኮ ‹ተመለሺ› እስክትሏት ነው የምትጠብቀው! አልተባለችም! በቃ እሱ ነው!»

አማቼ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ልጄ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«መመለስ ፈልገሽ ነበር?»

«እስከ ድልድዩ ነበር ያሰብኩት።»

«የትኛው ድልድይ?»

«የመጀመሪያው።»

አማቼ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ሳቁ ሊያልቅለት አልቻለም። «እኔ ደግሞ በየዓመቱ ‹የት ጋ ልጠብቃችሁ› ሲሉኝ፣ አማቴ ስፖርት ይወዳሉ እያልኩ ለሰው አወራለሁ!»

«አንተ ዝም በል» አለችው ልጄ። እሷ አልሳቀችም። «ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«ሸኚ ይናገራል እንዴ? የሚናገረው መንገደኛ ነው።»

«እኔ እናቴን ‹ተመለሺ› ልበላት? ልጄ አባረረችኝ ብትዪስ?»

«ልል እችል ነበር» አልኳት።

በመጀመሪያው ዓመት መመለስ ፈልጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ግን ያን ቀን አልተናገርኩም፤ የተጠየቅኩት ስለ ድልድዩ ነው።

ልጅቱ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና እናቷን «እንዴት ነው የሚባለው?» አለቻት።

«‹ይበቃል፣ ተመለሺ› ነው። እሷ እምቢ ትላለች። ደግመሽ ትያታለሽ።»

«መመለስ ከፈለገች ለምን እምቢ ትላለች?»

«እምቢ ማለት ስላለባት።»

ግራ ገብቷት «ዊርድ ነው» አለችና ፊቴ ቀጥ ብላ ቆመች። «እማማ፣ ይበቃል። ተመለሺ።»

«እስከ እንግልውድ ልድረስ።»

«ኖ። ይበቃል።»

«ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ።»

ወደ ተራሮቹ በኩል አየች። ደመና ገና አልተሰበሰበም። «ድልድይ ሥር እንገባለን። ዛፍ ሥር አይደለም፣ መብረቅ አለ።»

«ሌላ ጎማ ቢተነፍስስ?»

ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ።

«ዕቃው ይከብድሻል፣ ልጄ።»

ይህን ያልኩት ለወጉ አልነበረም። ልጅቱ ቀጭን ናት፤ ከቻትፊልድ በፊት ያለውን ዳገት ደግሞ አውቀዋለሁ። ብስክሌቷን ዞር ብላ አየች።

«ከከበደኝ እገፋዋለሁ» አለች። «አሁንም ገፍቼ ነው የመጣሁት።»

ተነሥቼ ትራንኩን ከፈትኩላት።

ዕቃውን ማካፈሉ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ልጅቱ ድንኳኑን ካልያዝኩ አለች። አባቷ ይከብዳል አለ። ተከራክረው ብረቶቹን እሱ፣ ጨርቁን እሷ ሊይዙ ተስማሙ። ምድጃውን ልጄ ወሰደች። የጭኮው ቆርቆሮ አልገባ ሲል ልጅቱ ጭኮውን ወደ ፕላስቲክ ገለበጠችና ካልሲዎቿ መሐል ወተፈችው። ትራሶቹ፣ ትልቁ ድስት፣ የበረዶ ሣጥኑና ሐብሐቡ ቦታ አጡ። «ትራስ አያስፈልግም» አለች። አማቼ ትራሱን ሲያይ ትንሽ አዘነ።

ቦርሳዎቹ ሞልተው ብስክሌቷን ካናሉ ላይ ባለው ትንሽ ድልድይ ብረት ስታስደግፈው ወደቀ። አባቷ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። ልጅቱ መሪውን በአንድ እጇ፣ መቀመጫውን በሌላው ይዛ በጉልበቷ ደግፋ አነሣችው። ከዚያ ማቆሚያውን አንድ ጊዜ ዞረችበት። መነሻው ላይ መሪው ግራና ቀኝ አላት፤ በኋላ ቀጥ አለ።

«እንዴት ነው?» አላት አባቷ።

«እንደ ካው ነው» አለች። ላም ማለቷ ነው። «ግን ይሄዳል።»

አማቼ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እስከ ዛሬ ላደረጉልን ሁሉ እግዜር ይስጥልን» አለ።

«አሜን። በሰላም ግቡ» አልኩት።

«ስንደርስ እደውልልሻለሁ» አለች ልጄ። «መንገድ ላይም እደውላለሁ።»

«መንገድ ላይ አትደውዪ። ብስክሌት ላይ ስልክ አይያዝም።»

ወንበሬን አጥፌ ትራንኩ ውስጥ ከተትኩና እስኪሄዱ ድረስ በሩ ጋ ቆምኩ። አልሄዱም። ልጅቱ ብስክሌቷ ላይ ሆና እኔን ታየኛለች።

«ሂዱ እንጂ» አልኩ።

«አንቺ ሂጂ መጀመሪያ» አለችኝ። «እኛ ከሄድን ትከተይናለሽ።»

«አንቺ!» አለቻት እናቷ።

«ልክ ናት» አለ አማቼ። «ይከተሉናል።»

መኪናው ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን አሠርኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እጄን አወጣሁላቸው። ከማቆሚያው ወጥቼ፣ መብራቱን ጠብቄ፣ በአራፓሆ መንገድ ወደ ኦሮራ፣ ወደ ቤቴ ታጠፍኩ።